ሽኝት በጓዝ ጋሪ

ከአርድቦ እስከ ሐይቅ ባለው መንገድ ላይ የሞተር ድምፅ ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆኗል። የሸለቆው ጎልማሳ መኪና ሲነዳ የሚያውቀው በወሬ ነው። መንገዱ ከተራራው ግርጌ ተነስቶ፣ አርድቦና ሐይቅ በሚባሉት ሁለት ሐይቆች መካከል ያለውን ኮረብታ ዞሮ፣ ውሃውን በግራ እየያዘ እስከ ሚካኤል ጉብታ ድረስ ይዘልቃል። ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን ያሳልፋል እንጂ ሦስተኛ አያስገባም። ከአዲስ አበባም፣ ከናይሮቢም፣ ከዱባይም ሰው ይመጣበታል፤ አንዱ ሦስት ቀን፣ አንዱ ሳምንት ይጋልባል። የሚመጡት ጸጥታ ፍለጋ ነው። ጸጥታውን የሚያቀርበው ደግሞ ነዋሪው ነው።

ነዋሪው ሁሉ በግራ እጁ አንባር አለው። ብስክሌተኞች ሊደርሱ ሲሉ አንባሩ ነዘር ያደርጋል። ያን ጊዜ ገበሬው በሬዎቹን ይነዳል። እርሻው ዘር አይዘራበትም፤ ትናንት የታረሰው ትልም ነው ዛሬም የሚታረሰው። እማማ ዘምዘም ከውሃው ዳር ወርደው ነጠላ ያጥባሉ። ነጠላው ትናንትም ታጥቧል፣ ከትናንት ወዲያም ታጥቧል። ብስክሌተኞቹ ሲያልፉ ቀና ብሎ ፈገግ ማለትና ቀኝ እጅን ማንሳት ነው፤ ካለፉ በኋላ በሬዎቹ ይቆማሉ፣ ነጠላውም ድንጋይ ላይ ይሰጣል። በዚህ ሥራ ቤት ይገኛል፣ እህል ይሰፈራል፣ ሲታመሙ ሐኪም ይመጣል። መቼም ኑሮ ከተባለ ኑሮ ነው።

ትርንጎ ይመር ጓዝ አድራሽ ናት። እንግዶቹ ሌጣቸውን እንዲጋልቡ፣ ጠዋት ሻንጣቸውን ከአርድቦ ማረፊያ ትረከብና በሦስት ጎማ ጋሪዋ ጭና፣ ቢጫ ሸራ አልብሳ፣ ፔዳሏን እየረገጠች ሐይቅ ማረፊያ ታደርሳለች። እንግዳው ማታ ሲገባ ሻንጣው አልጋው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትርንጎ ጉልበቷ ጠንካራ ነው። ዳገቱን ከወንበሯ ሳትነሳ ነው የምትወጣው፤ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን በዚህ ትኮራለች፣ ሲያሾፉባትም ደስ ይላታል።

አባቷ አቶ ይመር በወጣትነታቸው ሹፌር ነበሩ። ከደሴ ሐይቅ ሚኒባስ የሚነዱ፣ በሽተኛ መንገድ ላይ ካገኙ ተሳፋሪውን አጠጋግተው ሐኪም ቤት የሚያደርሱ፣ ሬሳ ሲኖር ደግሞ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስረው፣ ቀስ ብለው እየነዱ አገሩ የሚያስገቡ ሰው። መንገዱ ለብስክሌት ብቻ ይሁን በተባለ ጊዜ ሸለቆው በአቧራና በአደጋ ተማርሮ ነበርና እሳቸውም እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። መኪናቸው ዛሬም አለ። አርድቦ ማረፊያ በር ላይ፣ ወንበሮቹ ወልቀው፣ በየመስኮቱ አበባ ተተክሎበት፣ እንግዶች ፎቶ ይነሱበታል። አቶ ይመር በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ ነበር።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደከመ። ከአልጋ መነሳት ካቆሙ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ትርንጎ፣ እኔን በጎማ እንዳትወስዱኝ» አሏት።

«ወዴት ነው የምንወስድህ አባዬ?»

«የት እንደሆነማ ታውቂዋለሽ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጎማ ሄጃለሁ። ሰውን በጎማ ወስጃለሁ፤ በሽተኛውንም፣ ሙሽራውንም፣ ሬሳውንም። የኔን በሰው ትከሻ አድርጊልኝ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ቆም ይበልና ነፍስ ይማር ይበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ አትበይኝ። ማዪልኝ።»

ትርንጎ «ሚካኤልን» አለች፣ እጇንም በእጃቸው ላይ አደረገች።

የማለችው ቀላል ነገር አልነበረም። በሸለቆው መንገድ ላይ በእግር መሄድ የተከለከለው አንድ እግረኛና አንድ እንግዳ ከተጋጩ ወዲህ ነው። ለነዋሪው ከኮረብታው ጀርባ የጓሮ መንገድ ተሠርቶለታል። የጓሮ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከቋጥኙ ላይ ሲደርስ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚያልፈው፣ ቃሬዛ በፍጹም አይዞርበትም። ስለዚህ ሸለቆው ሙታኑን የሚያወጣው በጓዝ ጋሪ ነው። ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ፣ በቃሬዛው ላይ ታስሮ፣ ጋሪው ላይ ይጫንና ቢጫው ሸራ ይለብሳል። ለቀስተኛው በጓሮ በኩል ቀድሞ መቃብሩ ጋ ይጠብቃል። መንገዱ ላይ ጥቁር ልብስ አይታይም፣ የልቅሶ ድምፅ አይሰማም። እንግዳው የሚያየው አንዲት ሴት ሻንጣ ስታደርስ ነው። ጋሪው አንድ ነው፣ ነጂዋም አንድ ናት። ከአሥር ዓመት በላይ የሸለቆውን ሙታን፣ ክርስቲያኑን ለሚካኤል፣ እስላሙን ከሚካኤል አለፍ ብሎ ላለው መቃብር፣ ያደረሰችው ትርንጎ ራሷ ናት። አቶ ይመር ይህ አልጠፋቸውም። እንደዚያም ሆኖ አስማሏት።

አቶ ይመር በጥቅምት ወር ጎህ ሲቀድ አረፉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሴቶቹ መስኮቱን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ማልቀስ ለምዷል። ወንዶቹ አጠቡ፣ ገነዙ፣ በሰሌን ጠቀለሉ። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ቃሬዛው ሲታሰር አየች። ጠፍሩን አጥብቀው ሲጎትቱት ፊቷን አዞረች።

ፀሐይ ስትወጣ አንዋር መጣ። አንዋር የመንገዱ ተቆጣጣሪ ነው፤ የሸለቆው ልጅ፣ ከትርንጎ በዕድሜ የሚያንስ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ እያለ የሚጠራት። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዜር ያጥናሽ እትዬ ትርንጎ። ጥሩ ሰው ነበሩ።»

«አሜን። አንዋር፣ አባቴ በትከሻ ነው የሚሄደው።»

አንዋር መሬት መሬቱን አየ። «በየት በኩል?»

«በመንገዱ።»

«በመንገዱማ እንደማይሆን ታውቂያለሽ።»

«ምዬለታለሁ።»

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም እትዬ» አለ አንዋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በእግሩ መንገዱ ላይ የወጣ ሰው አንባሩ ይናገርበታል። እኔ ዝም ብል አንባሩ ዝም አይልም። ውልሽ ይፈርሳል። ያንቺ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ቃሬዛውን የተሸከመው ሰው ሁሉ ውሉ ይፈርሳል። ኮምቦልቻ ፎቅ ላይ አንዳንድ ክፍል ይሰጣችኋል። ከዚያ ወዲያ የአባትሽን መቃብር የምታዪው እንደ እንግዳ ትኬት ቆርጠሽ ስትገቢ ነው።»

ትርንጎ ወደ እድሩ ሰዎች ዞረች። አንዱ ጠፍሩን ያላላል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። አብረዋት ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ልጆች አሏቸው፣ ኮምቦልቻ ፎቅ ላይ ምን እንደሚያርሱ አያውቁም። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አልፈረደችባቸውም።

«ጋሪዬን አምጡት» አለች።

ቃሬዛውን ሲጭኑ አንዋር ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። የዛሬው ሻንጣ…»

«ስንት ነው?»

«ሁለት ብቻ ነው።»

ትርንጎ ትንሽ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አምጣው» አለች። ሁለቱ ሻንጣዎች ከአባቷ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ቢጫው ሸራ ከላይ ተዘረጋ። ለቀስተኛው በጓሮ በኩል ቀደመ። ትርንጎ ወንበሯ ላይ ወጥታ ፔዳሉን ረገጠች።

ቀኑ ለእንግዳ የሚመች ነበር። ሐይቁ ረግቷል፣ ማዶ ያለው ተራራ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፣ ሳሩ ገና አልደረቀም። ትርንጎ ይህን መንገድ ጎባጣውን ቀናውን በጉልበቷ ታውቀዋለች፤ የቱ ጋ ጋሪው እንደሚነጥር፣ የቱ ጋ ፍሬን እንደሚያዝ። ዛሬ በነጠረ ቁጥር «አይዞህ አባዬ» እያለች ነው የምትሄደው። የሞተ ሰው እንደማያመው ታውቃለች፤ ግን አፏ አልታዘዛትም።

ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንባሩ ነዘር አደረጋት። ከፊት ለፊት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በብስክሌት ይመጣሉ፣ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል። ሴትዮዋ እጇን አውለበለበች። የትርንጎ ቀኝ እጅ ተነሣ። ፊቷም ፈገግ አለ። ጥርሷ ሁሉ ታየ፣ ጉንጯ ተነሣ፣ እንደ ወትሮው። ካለፏት በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። እጇን ወደ ፊቷ ወስዳ ስትነካው ፈገግታው አሁንም እዚያው ነበር። ያን ጊዜ አፈረች፤ በሰው ፊት ካፈረችው ሁሉ ይህ ባሰባት።

ፈገግታውን በመዳፏ ጠረገችውና ዳገቱን ጀመረች። ጋሪው ከብዶ አይደለም፤ ከዚህ የከበደ ጭናለች። ግማሽ ላይ ግን እግሯ አልረግጥ አለ። ወርዳ በእጇ እየገፋች፣ እንባዋ እየቀደማት፣ ኮረብታው አናት ላይ ወጣች። እዚያ የእንግዶች ማረፊያ ወንበር አለ። ስድስት ብስክሌተኞች ብርቱካን እየላጡ ሐይቁን ያያሉ። ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ባለ ቀለም የራስ ቁር፣ ጭናቸው ላይ የተጣበቀ ቁምጣ፣ ጥቁር መነጽር።

ትርንጎ ጋሪዋን ከፊታቸው አቆመችና ሸራውን ገፈፈችው።

አንዱ፣ ግንባሩ ገላጣ የሆነ ጎልማሳ፣ ብርቱካኑን በእጁ እንደያዘ ተነሣ። «የኔ ሻንጣ ነው እኮ» አለ። ከዚያ በሻንጣው አጠገብ ያለውን አየና ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ አኖረ።

«አባቴ ነው» አለች ትርንጎ። «ዛሬ ጠዋት ሞተ። በጎማ አትውሰዱኝ ብሎ አስምሎኛል። የእኛ ሰው ቢሸከመው ከአገር ይወጣል። እናንተን ግን ማንም ምንም አይላችሁም። ትከሻ ስጡኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ሜላት የምትባለው ወጣት ሴት ወደ ጎልማሳው ጠጋ ብላ «ኢዮስያስ፣ ይሄ በፕሮግራሙ ላይ ነበር እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ።

«አላየሁም» አለ ኢዮስያስ። «ሳይነግሩን ሊያሳዩን ይሆናል።»

«እንባዋ እውነተኛ ነው የሚመስለው።»

ትርንጎ ሰማቻቸው። እውነት ነው ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ተወችው። እውነት ነው ብትላቸው ሊፈሩ ይችላሉ፤ ጨዋታ ነው ብለው ካሰቡ ይሸከማሉ። ለአባቷ ትከሻ ትከሻ ነው። «በግራ በኩል ሁለት፣ በቀኝ ሁለት» አለች። «የደከመው ሰው ተቀበሉኝ ይላል፣ ያረፈው ይተካል። ከፊት ያለው አይፈጥንም። ነፍስ ይማር በሉ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ስድስቱም፣ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ።

ጋሪዋን ከነሻንጣው ዳር ላይ ትታ አባቷን በእግሯ ተከተለች። መጀመሪያ ላይ እርምጃቸው አልገጠመም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ስለሆነ ቃሬዛው ይዘነብል ነበር። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ተስማሙ። ጫማቸው ለፔዳል የተሠራ ነውና መንገዱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። አንዱ ተቀበሉኝ ሲል ሌላው ፈጥኖ ይገባል። ሜላት እየተቀበለች ሦስት ጊዜ ተሸከመች። አንዱ በትከሻው ተሸክሞ በትርፍ እጁ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር፤ ትርንጎ አላየሁም አለች።

መንገድ ዳር ነዋሪው በየቦታው ቆሟል። አንባሩ እንግዳ መጣ ብሎ ሁሉንም ነዝሯቸዋል። ገበሬው በሬዎቹን ነዳ፣ ቀኝ እጁን አነሣ፣ ፈገግ አለ፤ እንባው በፈገግታው ላይ ይወርዳል። እማማ ዘምዘም ውሃው ዳር ቆመው እርጥቡን ነጠላ ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉት። ከቦታው ንቅንቅ ያለ ሰው አልነበረም። የአቶ ይመርን ስም በከንፈሩ ያልጠራ ግን የለም።

ሚካኤል ጉብታ ሥር ሲደርሱ አንዋር ከኋላ በብስክሌት ከተፍ አለ፤ የትርንጎ አንባር ጠርቶት ነው፣ ላብ በላብ ሆኗል። መንገዱ ላይ በእግሯ የቆመችውን ትርንጎን፣ ቃሬዛውን፣ ቁምጣ የለበሱትን ተሸካሚዎች አየ። አፉን ከፈተ። ቃል ሳይወጣው ሜላት ቀደመችው።

«አንተ የመንገዱ ኃላፊ ነህ? እንዲህ ዓይነት ነገር ሁልጊዜ አለ? እኔ በሕይወቴ እንዲህ ልቤ ተነክቶ አያውቅም።»

አንዋር ትርንጎን አያት። ትርንጎ በዓይኗ ለመነችው።

«ዛሬ ነው የጀመርነው» አለ አንዋር።

ቄሱ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ በጓሮ በኩል የመጣው ለቀስተኛ አፈር መለሰ፣ አቶ ይመር በሰው ትከሻ ሄደው ተቀበሩ። ኢዮስያስ ከመሄዱ በፊት ወደ ትርንጎ መጥቶ ጨበጣትና «በጣም ጥሩ ነው ያደረግሽው» አላት። ኀዘንተኛ ማለቱ ይሁን ተዋናይ ማለቱ፣ እሷ አልጠየቀችውም።

ከዚያ ትርንጎ መባረሯን ጠበቀች። ዕቃዋን በከረጢት አሰረች፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጠች። በየጠዋቱ ሚካኤል ወጥታ የአባቷን መቃብር ታያለች፤ ነገ እንደማታየው አድርጋ ነው የምታየው። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ። አንድ ቀን አንዋር በሯን አንኳኳ። በእጁ የታጠፈ አዲስ ጥቁር ቀሚስ ይዟል።

«የውሉ ነገር ነው?» አለችው።

«አይደለም። ግባ በዪኝ እስቲ።» ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ። «እንግዶቹ ከሐይቁም ከተራራውም የበለጠ ያ ቀን ነው ያስደሰተን ብለው ጽፈዋል። ያዩት ሁሉ እኛም እንፈልጋለን እያሉ ነው። የመንገዱ ጽሕፈት ቤት በየቅዳሜው ይደረግ ብሏል። ሽኝት ይባላል። የሟቹ ልጅ አንቺ ትሆኛለሽ።»

«አባቴን በየሳምንቱ ልቀብረው ነው?»

«አባትሽን አይደለም። ለሟቹ ሌላ ስም ወጥቶለታል፣ አቶ በላይ። ቃሬዛው ላይ አሸዋ ነው የሚሆነው። ለተሸካሚው ክብደቱ እንዲሰማው ነው አሉ።»

ትርንጎ ደሟ ፈላ። «ውጣልኝ» ልትለው ነበር። አንዋር ግን አንገቱን ደፍቶ ቀጠለ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ዋሽቼልሻለሁ። ዛሬ ነው የጀመርነው ብያለሁ። አሁን እምቢ ካልሽ፣ ታዲያ ያን ቀን የተደረገው ምን ነበር ይሉኛል። ያንቺም የኔም ነገር ያበቃለታል። ምን ላድርግ?»

ትርንጎ ቀሚሱን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ በልኳ ነው የተሰፋው። ልኳን ከማን እንደወሰዱ አታውቅም።

«ከቃሬዛው ኋላ ማን ነው የሚሄደው?» አለች።

«ነዋሪው ነዋ። ሕዝብ ካልበዛ አያምርም ተብሏል።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ።»

«በመንገዱ ላይ?»

«በመንገዱ ላይ። ለዚያ ሰዓት ብቻ ተፈቅዷል።»

ትርንጎ ቀሚሱን ከእጁ ተቀበለች። «እሺ» አለችው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። አሥራ ምናምን እንግዳ ብስክሌቱን ደርድሮ ቆሟል፤ ከመካከላቸው ለመሸከም የተመዘገቡት ትከሻቸው ላይ ነጭ ፎጣ አድርገዋል። ነዋሪው በየደጁ ወጣ። መንገዱን ለዓመታት ከጎኑ ሲኖሩ በእግራቸው ረግጠውት የማያውቁ ሰዎች ናቸውና፣ መጀመሪያ ላይ ጫፍ ጫፉን ይዘው፣ መንገዱ ይቆጣናል እንደሚሉ ሆነው ነው የተራመዱት። እየቆየ መሐል መሐሉን ያዙት። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ያዙ። ሴቶቹ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

አሠራሩ ለሁሉም ተነግሯል። ልቅሶው መንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይጀምራል፣ ሐይቁ መታጠፊያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ጸጥ ብሎ መሄድ፣ መጨረሻ ላይ ለእንግዶቹ ፍራፍሬ ይቀርባል። የምታለቅሰው ትርንጎ ናት። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ትርንጎ ለማልቀስ ሞከረች። እንባ የሚባል ነገር ከየት ይምጣ። አባቷ እንደ ወደዱት ሄደዋል፤ የማለችውን ፈጽማለች፤ ያን ቀን ከቃሬዛው ኋላ አልቅሳ ወጥቶላታል። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፣ ደረቅ ነው። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። አንዋር ከዳር ሆኖ በዓይኑ ይቆጣታል።

ያን ጊዜ ከኋላ እማማ ዘምዘም ድምፃቸውን አወጡ።

«ጀማሌ፣ የኔ ጀማል፣ ሰው ሳያይህ የወጣኸው።»

ጀማል ልጃቸው ነው። በሃያ ዓመቱ ሐይቁ ወስዶት፣ በጓዝ ጋሪ ወጥቶ፣ እናቱ በጓሮ በኩል ሮጠው መቃብሩ አፍ ላይ ነው የደረሱበት። ያኔ በነጠላ የታፈነው ልቅሶ አሁን ወጣ። ከሳቸው ቀጥሎ ገበሬው የሚስቱን ስም ጠራ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላው እናቱን፣ ሌላዋ እህቷን፣ ሌላዋ ገና ክርስትና ያልተነሣ ልጇን ጠራች። አቶ በላይን የጠራ አንድ ሰው የለም። ደረት ተመታ፣ ሙሾ ወረደ፣ ወንዶቹ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ይህን ሁሉ ሬሳ ያወጣችው ትርንጎ ናትና እያንዳንዱን ስም ስትሰማ ቃሬዛው እንዴት እንደታሰረ፣ ቀኑ ዝናብ ይሁን ፀሐይ ታስታውስ ነበር።

«እንዴት ይችሉበታል» አለ አንድ እንግዳ ለጓደኛው።

የሐይቁ መታጠፊያ ደረሰ። ልቅሶው አላበቃም። አንዋር ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ትርንጎ ሮጠ።

«እትዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ። እዚህ ጋ ያበቃል ተብሏል።»

«አንተ ንገራቸው።»

«አንቺ ደግሞ አታለቅሺም። አልቃሿ እኮ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አባቴን ሸኝቻለሁ አንዋር» አለች። «እነሱ ናቸው ያልሸኙት።»

አንዋር ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን አነሣ። የሚያየው ሰው አልነበረም። እማማ ዘምዘም ብቻ አጠገቡ ሲደርሱ ቆም አሉ። ፊታቸው በእንባ ረጥቧል፣ ድምፃቸው ግን የተረጋጋ ነው።

«ሰዓዳንም ጠርተናታል ልጄ» አሉት። «አንተ ስላልጠራሃት እኛ ጠራንልህ።»

ሰዓዳ እናቱ ናት። የሞተችው ተቆጣጣሪ በሆነ በዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት እንግዳ በዝቶ ነበርና፣ አዲስ ሥራ የያዘ ሰው ነውና፣ ቢጫውን ሸራ ያለበሳት እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሟን በሰው ፊት አንስቶ አያውቅም።

የአንዋር እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ብስክሌቱን ሳሩ ላይ አጋደመው። ባርኔጣውን አውልቆ ብስክሌቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ሄዶ፣ ከፊት በግራ በኩል የተሸከመውን እንግዳ ትከሻውን ነካ አደረገውና «ተቀብያለሁ» አለው። እንግዳው ተራው ገና መሆኑን ሊያስረዳው ሞከረ፤ ፊቱን ሲያይ ለቀቀለት።

አንዋር አሸዋውን ተሸክሞ ሄደ። ትርንጎ እየመራች ከፊቱ ናት። ብዙ ሳይሄዱ ጠራት።

«እትዬ ትርንጎ።»

«አቤት።»

«ቀስ እንበል» አለ። «እናቴን ያን ዕለት በጣም ፈጥነሽ ነው የወሰድሽብኝ።»

ትርንጎ እርምጃዋን ቀነሰች፤ ከኋላዋ ያለው ሰውም ሁሉ ቀነሰ።